በሁዳዴ የተገኘው ሸክላ

ታፈረን ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ በቅሎዎቹን አልፎ ይግባ። ከላሊበላ አሸተን ማርያም ድረስ በእግሩ መውጣት የሚከብደውን እንግዳ የሚያወጡ ሁለት ጠንካራ በቅሎዎች አሉት፤ የሚተዳደረውም በእነሱ ነው። የሰውየው ነገር ያለው ግን ከበረታቸው ጎን ባለችው የኮርቻ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ኮርቻዎቹ መሬት ላይ ተደራርበው ይተኛሉ፤ መደርደሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ የያዙት ሸክላዎችና ሲዲዎች ናቸው። ሚስቱ ወለተ ሐና ለመጣ ሁሉ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የእኔው ደግሞ ሸክላ ይዟል" ትላለች። እንዲህ ብላም አቧራውን የምታራግፍለት እሷው ናት።

እኔ ያሲር እባላለሁ፤ ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልድያ የምመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ከታፈረ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም አንድ ካርቶን አቅፎ ገባና ጣሪያ ላይ አላስጭንም አለ። ከወንበር ሥር አስገባው ብለውም እንቢ። በመጨረሻ ለካርቶኑ ወንበር ያዘለትና እንደ ታመመ ዘመድ በእጁ ደግፎት ሄደ። እንቁላል መስሎኝ በየጠመዝማዛው ስጠነቀቅለት ቆይቼ ጋሸና ለቁርስ ስንወርድ ከፈተው፤ ስማቸውን በዘመኔ ሰምቼ የማላውቃቸው ዘፋኞች ሸክላ ነው። "ይሄን ደግሞ ማን ይሰማዋል?" አልኩት። "እኔ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነን።

ታፈረ የማይፈርስ ሕግ አለው። ስመ ጥር ዘፋኝ አይሰበስብም፤ በነፃ ቢሰጡትም አይወስድም። የሚፈልገው በዕድሜው አንድ አልበም ብቻ ለብቻው ዘፍኖ ያወጣ፣ ሰሚ ሲያጣ ወደ እርሻው ወይ ወደ ሱቁ የተመለሰውን ሰው ነው። "ስም ያለውን አገር ሁሉ ያስቀምጥለታል። ይህኛውስ ማን አለው?" ይላል። እንግዶቹን አሸተን አድርሶ እነሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያዩ እሱ በየደጁ ይጠይቃል፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሄድም እንዲሁ። አንዱን ሸክላ የጠላ ጋን ተከድኖበት አግኝቶታል። ያገኘውን በሳሙና ውሃ ያጥባል፣ በወለተ ሐና ነጠላ ጫፍ ያደርቃል፣ በዚህም በየጊዜው ይሰደባል። ከዚያ እንዳይጣመም አቁሞ ይደረድረዋል።

ሸክላውን ወይ ሲዲውን ማግኘት ብቻ አይበቃውም። ባለቤቱን ካላገኘ እንቅልፍ የለውም። አዳም የሚባል የቆቦ ሰው ከዓመታት በፊት አንድ ሲዲ አውጥቶ ነበር፤ አብዛኛው ሳይሸጥ አልጋው ሥር ቀረ። ታፈረ ፍየል ተራ ድረስ ሄዶ ሲያገኘው "ሦስተኛው ዘፈን ላይ መሐል ላይ ትስቃለህ፤ ምን አስቆህ ነው?" አለው። አዳም መጀመሪያ የሚከሰው ሰው መስሎት ደነገጠ። ነገሩ ሲገባው ግን ከፍየሎቹ አንዷን ለእንግዳው አረደ። ያችን ሣቅ እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ያለላት ሰው አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የሚያብከነክነው ግን ባዶ የሸክላ ልባስ ነበር። ልባሱ ላይ ክራር የታቀፈች ወጣት ሴት ፎቶ አለ፤ ከሥሩ "ዙልፋ ሐምዳን፣ ከደላንታ" ይላል፤ ከጀርባው የስድስት ዘፈን ስም ተዘርዝሯል። ሸክላው የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደላንታ የሚሄድ ሰው ባገኘ ቁጥር ስለ ዙልፋ ይጠይቃል። ወገል ጤና ገበያ ድረስም ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ፤ ዘፋኝ ዙልፋን የሚያውቅ ጠፋ። እኔም "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይቅርብህ" አልኩት። እሱ ግን ልባሱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በየጠዋቱ "ደህና አደርሽ" ይላታል። ወለተ ሐና ፎቶ ላይ ባትቀና ኖሮ ሰው አይደለችም ነበር፤ ትንሽ ቀናች።

ባለፈው ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው የሚገቡበት ሰሞን መርሳ ለዘመድ ሰርግ ሄድኩ። ያረፍኩበት ቤት የአበባ ማስቀመጫው ከሥሩ ጥቁር ክብ ነገር ተነጥፎለታል። አነሣሁት። መሐሉ ላይ "ዙልፋ ሐምዳን" ይላል። የቤቱ እመቤት "እሷማ ያክስቴ ልጅ ናት፤ ወገል ጤና ቅመም ትሸጣለች። እዚያ የማሚቱ እናት ነው የምትባለው" አለችኝ። ለካ ታፈረ ዘጠኝ ዓመት ያጣት ስሟ በልጇ ስም ተሸፍኖ ኖሮ ነው። ሸክላውንም "ውሰደው፣ አበባው አይጠማም" ብላ ሰጠችኝ።

ይህ የሆነው ዓርብ ቀን ነው። በዚያው ብመለስ ኖሮ ታፈረ ቅዳሜና እሑድ፣ በቅበላው፣ እስኪጠግብ ይሰማው ነበር። እኔ ግን የሰርጉ ቅልቅል አለ፣ ምሳው አለ እያልኩ ቆይቼ ላሊበላ የደረስኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ታፈረ ሸክላውን ሲያይ አልጮኸም። ልባሱን ከግድግዳ አወረደና ሸክላውን ከተተበት። ልክክ አለ። ከዚያ እየሣቀ እጁን ወደ ማጫወቻው ሲሰድ ወለተ ሐና በሩ ላይ ቆማለች።

"ዛሬ ምን ገባ?" አለችው።

እጁን መለሰ። በሁዳዴ እዚያ ቤት ዘፈን አይሰማም፤ ለወትሮውም በጾም ማጫወቻውን በጨርቅ ሸፍኖ የሚያስቀምጠው እሱ ራሱ ነው። እኔ በጥፋቴ አፍሬ "በቀስታ አንዷን ብቻ" ብለው "ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁ ሃምሳ አምስት ቀን ያቅተኛል?" አለኝ። አላቃተውም ነበር፤ ነገር ባይመጣ።

ነገሩ የመጣው ረመዳን አጋማሽ ላይ ወገል ጤና ሄጄ እማማ ዙልፋን ሳገኛቸው ነው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሸክላዎት ተገኘ ስላቸው የሚመዝኑት በርበሬ ከእጃቸው ፈሰሰ።

"ወላሂ?" አሉኝ። "እኔ እኮ አይቻትም አላውቅ፣ እንኳን ልሰማት።"

በአንድ ከሰዓት አዲስ አበባ ዘፍነው፣ ሸክላው ሳይወጣ አባታቸው ታመሙ ተብለው መጡ። አባታቸው ሞቱ፤ ለቅሶው ሳይወጣ ዓመት ሞላ፤ ከዚያ ተዳሩ። ወገል ጤና ያኔ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው "ደሴ ሰማሁሽ" ሲላቸው "እንዴት ነበረች?" ብለው ይጠይቁ እንደነበር ነገሩኝ። ቢሆንም ረመዳን ሳይወጣ ዘፈን አይሰሙም። ዒድ ከዋለ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ልጃቸው ማሚቱ ጂዳ ልትወስዳቸው ነው፤ መመለስ የለም። የእሳቸው ጾም ሲፈታ የታፈረ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

"አንተ ውሰድላቸው" ቢለኝ በቀለለ። ግን የማጫወቻው መርፌ ያለችው አንዲት ናት፤ ላሊበላ ቀርቶ ደሴም ሌላ አልተገኘላትም። ታፈረ ለእኔ አያምናትም። "አንተ ፍሬን እንደምትረግጠው ነው መርፌ የምታስቀምጠው" አለኝ፤ እውነቱን ነው። መሄድ አለበት፤ ከሄደ ደግሞ መስማቱ ነው። ሁለት ቀን ምግብ አልበላም፤ ጾም ስለሆነ ማንም አላወቀበትም። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቱን አባ ተክለ ሚካኤልን ጠየቃቸው። እሳቸውም ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙትና "የጾመው ያንተ ጆሮ ነው። የሴትዮዋ ጆሮ ፈትቷል። ማሽኑ እንደሆነ ክርስትና አልተነሣም። ሂድ፣ አስተካክልና ውጣ" አሉት።

በዒድ ማግስት ወገል ጤና ገባን። እማማ ዙልፋ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ሂና ተቀብተው፣ ጎረቤቱን ጠርተው ጠበቁን። መብራት የለም። ከሚኒባሴ ባትሪ ገመድ በመስኮት አስገባን። ታፈረ ጎንበስ ብሎ ሸክላውን በነጠላ ጠረገ፤ የዚያን ቀን ወለተ ሐና ነጠላዋን ራሷ ነው የሰጠችው። ከመውጣቱ በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "በስልክህ ቅዳልኝ። ለፋሲካ እሰማዋለሁ" አለኝ። አብሽር አልኩት። መርፌዋን አስቀመጠ፤ ሸክላው መንሿሿት ሲጀምር ድምፅ ሳይመጣበት ሮጦ ወጣ። ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ክራሩ ገባ። ቀጥሎ ድምፅዋ መጣ። እማማ ዙልፋ መጀመሪያ ወደ በሩ ዞሩ፣ ሰው የገባ መስሏቸው። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ "ኧረ ይቺ ልጅ ደፋር ናት" አሉ። በሁለተኛው "ትንፋሽዋን እዩልኝ" አሉ። በሦስተኛው እንባቸው እየወረደ ይሥቁ ነበር። ገጹ አለቀ። መርፌዋን የሚያነሣት ሰው ስለሌለ ታፈረን ልጠራ ሮጥኩ። ጋቢውን ሳይፈታ፣ በዓይኑ ብቻ እየተመራ ገባ፤ ሸክላውን ገለበጠ፤ የሴትዮዋን ፊት አንዴ አየና ተመልሶ ሮጠ። ሴቶቹ በሣቅ ሞቱ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ቤቱ ሌላ ሆነ። ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እማማ ዙልፋ የሃያ ሦስት ዓመቷን ራሳቸውን እየተከተሉ በቀስታ ይዘፍናሉ፤ የድሮዋ ስትወጣ የአሁኗ ከሥር ትይዝላታለች። እኔም ተነሥቼ ጨፈርኩ። ዒዴ ነው፤ ማን ይከለክለኛል? ሾፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ትከሻው ዕዳ አለበት።

ሲያልቅ እማማ ዙልፋ ሸክላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዛፎቹ ወጡ። ታፈረ ሲያያቸው ጋቢውን ፈትቶ ብድግ አለ።

"ሰማኋት ልጄ" አሉት።

"እንዴት ናት እማማ?"

"ከነገሩኝ ትበልጣለች።"

ሸክላውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ መስጠት ማሰባቸውም አይመስለኝ፣ እናት ልጇን "እንካ" አትልም። ታፈረ አየው። ዘጠኝ ዓመት የፈለገው፣ አንዲት ቃል ያልሰማበት ሸክላ ነው። እኔ ብሆን "በኋላ ሌላ እልክልዎታለሁ" ምናምን ብዬ እቀበል ነበር። እሱ ግን ከቦርሳው ልባሱን አወጣና "ልብሷን ረስተውታል፤ ጂዳ ባዶዋን አትሄድም" ብሎ ሰጣቸው። ፎቶውን ሲያዩ ግንባሩን ሳሙት።

መኪና ውስጥ ብዙ ሳንሄድ "ቀድተኸዋል አይደል?" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ስልኬን ያሰብኩት። ለጭፈራው ስነሣ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ ከመጀመሪያውም ቀይዋን ቁልፍ አልነካኋትም። መኪናዋን ዳር አቁሜ እውነቱን ነገርኩት። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ታፈረ እስከ ጋሸና ማጫወቻውን ጭኑ ላይ አቅፎ ሄደ። ጋሸና ላይ ወደ እኔ ዞረ።

"ጨፍረሃል?"

"ጨፍሬአለሁ።"

"በየትኛው?"

"በአምስተኛው።"

"እንግዲያ አምስተኛው ጥሩ ነው ማለት ነው" አለና ሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም። ቤቴ ስገባ ለማሚቱ ደውዬ የሠራሁትን ተናዘዝኩ፤ ለእሱ አልነገርኩትም።

ፋሲካ እኩለ ቀን ላይ እነ ታፈረ ቤት ነበርኩ። እነሱ ዶሯቸውን ይበላሉ፤ ለእኔ ወለተ ሐና እንደ ሁልጊዜው ድፎ ዳቦና ማር አቅርባለች። የታፈረ ስልክ ጮኸ። የማያውቀው የውጭ ቁጥር ነው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጾሙ ተፈታ ልጄ?" አሉ እማማ ዙልፋ።

"ተፈታ እማማ። እንኳን አደረስዎ፣ ማለቴ እንኳን አደረሰን።"

"ሹፌሩ ጉዱን ነግሮናል" አሉ። እኔ ማሩን ትኩር ብዬ አየሁ። "እዚህ ማጫወቻ እስካሁን አልተገኘም፤ ሸክላዋ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እኔ ግን አለሁ። ያኔ ስዘፍን ማን እንደሚሰማኝ አላውቅም ነበር። ዛሬ አውቄዋለሁ። በል ስማ።"

ክራር የለም፤ ማሚቱ ከኋላ ታጨበጭባለች። የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመሩት። ድምፃቸው ይሰነጠቃል፣ ትንፋሻቸው መሐል ላይ ያልቃል፣ ውሃ ጠጥተው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ታፈረ ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ቀረ። አንደኛው አልቆ ሁለተኛውን ሲጨርሱ ከዚህኛው በኩል ምንም ድምፅ ስላልሰሙ አቆሙ።

"ታፈረ፣ አለህ?"

ወለተ ሐና ስልኩን ከፊቱ አነሣችና ወደ አፏ አስጠጋችው።

"አለ እማማ፣ እያለቀሰ ነው" አለች። "እርስዎ ይቀጥሉ፤ አራት ይቀራል።"