ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ክንፍ

በአሶሳ ምድር የመጀመሪያውን አውሮፕላን ሠርቼ ያበረርኩት እኔ ነኝ። የሚክድ ካለ ይምጣ፣ እንከራከር! እርግጥ አውሮፕላኑ ሰው አይጭንም፤ ድመት እንኳ አይጭንም። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አንድ ሜትር ቢሞላ ነው። "እኔ" ስልም ሃሩን የሚባለውን ጓደኛዬን ጨምሬ ነው፤ ከተነሳ አይቀር፣ አብዛኛውን የሠራው እሱ ነው።

ነገሩ ትዝ ያለኝ ባለፈው ሳምንት ነው። የእህቴ ልጅ ልታገባ ስለሆነ መድረክ ከሚያስጌጡት ዘንድ ሄጄ ስጠብቅ፣ ከጓዳ የተቃጠለ ፎም ሽታ መጣ። ገባ ብዬ ሳይ አንድ ማሽን በጋለ ሽቦ የሙሽሮቹን ስም ከነጭ ፎም ላይ ይቆርጣል።

"ይኼን እኮ አንተ ሳትወለድ ሠርቼዋለሁ" አልኩት ማሽኑን የሚያሠራውን ልጅ።

"እሺ ጋሼ፤ ሽቦውን እንዳይነኩት ብቻ" አለኝ።

ያኔ ገና ጎረምሶች ነበርን። እኔ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ልጅ፣ ሃሩን የበርታ ልጅ። በምንማርበት የሙያ ማሠልጠኛ አንዲት ጠባብ ክፍል ለምነን የአውሮፕላን ክንፍ ከፎም የሚቆርጥ ማሽን መገጣጠም ጀመርን። ሞተሮቹን ከተጣሉ ፕሪንተሮች ፈታን፤ ሽቦውን ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ አወጣን። ሽቦው በሁለት ቋሚዎች መካከል እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ይግላል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ጫፎች ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመራዋል፤ ክንፉ ከፎሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ድምፅ የለ፣ ብናኝ የለ። ማታ ከተማው አምፖል ሲያበራ ግን ኃይል ይወርዳል፤ ሽቦው ይቀዘቅዝና ፎሙን መጎተት ይጀምራል። ስለዚህ የምንቆርጠው በጠራራ ፀሐይ ነበር። የሚያዝያ የአሶሳ ሙቀት ደግሞ ሽቦውን ያለ ኤሌክትሪክ ሊያግለው ምንም አልቀረው። ላባችንን የምናብሰው ማንጎ በበላንበት እጅ ስለነበር፣ ዝንቡም ከእኛው ጋር ይማር ነበር።

የማሠልጠኛው ኃላፊ፣ ዲኑ፣ ያቺን ክፍል ለወንበር መጋዘን ፈልገዋታል። "ቅዳሜ በማሠልጠኛው ኤግዚቢሽን አውሮፕላናችሁ ካልበረረ፣ ሰኞ ቁልፉን ታስረክባላችሁ" አሉን። ማሽኑ ደግሞ ሌላ መጠጊያ አልነበረውም።

ዓርብ ረፋድ ላይ የቀረችንን ፎም ቆረጥን። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጥኩት፣ እንደ ልማዴ እየፎከርኩ፣ እኔ ነበርኩ። ሁለቱም ክንፎች እንደ እንቁላል ልስልስ ብለው ወጡ። ከአካሉ ጋር ልንገጥማቸው ስናስጠጋ ሃሩን ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አያቸው።

"አንተ ወሎዬ" አለኝ፣ "ጫማ ስትገዛም ሁለት ግራ ነው የምትገዛው?"

ክንፉ ከሥሩ ሰፊ፣ ከጫፉ ጠባብ፣ ላዩ ጎበጥ ያለ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። እንግዲህ ግራው በቀኙ ቦታ አይገባም። ለቀኙ ሥዕሉን መገልበጥ ሲገባኝ፣ ያንኑ የግራውን ደግሜ ሰጥቻለሁ። ማሽን ደግሞ ይታዘዛል እንጂ አይመክርም።

ከተማውን ብንዞር ወፍራም ፎም ጠፋ። በመጨረሻ የቀረን ገበያ ውስጥ ዓሣ የሚሸጡት የሃሩን አክስት፣ እማማ ሐሊማ ናቸው። በረዶና ዓሣ የሚያስቀምጡበት የፎም ሣጥን ክዳኑ ልክ የሚያስፈልገንን ያህል ወፍራም ነበር።

"ክዳን ለምን?" አሉ።

"ለአውሮፕላን ክንፍ፣ አክስቴ" አለ ሃሩን።

"ዓሣዬስ? ፀሐይ ላይ ይተኛ?"

"ለአንድ ቀን ብቻ እርጥብ ጆንያ ይልበስ!" አልኩ እኔ።

አዩኝ። መጀመሪያ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን፤ የራበው ሰው የሚናገረውን አያምኑም ነበር መሰለኝ። በልተን ስንጨርስ ክዳኑን አነሱና ሰጡን። "ወላሂ፣ ይሄ ካልበረረ እናንተ ናችሁ በረዶ ውስጥ የምትገቡ!"

ሽቦው ክዳኑን ሲነካው የተነሳውን ሽታ አልረሳውም። የአሶሳ ድመት በሙሉ በራችን ላይ ተሰለፈ፤ ከባምባሲ በእግሩ የመጣም ነበረበት። ሥዕሉን ግን አሁን የገለበጠው ሃሩን ነው፤ እኔን ወደ ኮምፒውተሩ አላስጠጋኝም።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ሞላ። ሃሩን ሪሞቱን ያዘ፤ እኔ አውሮፕላኑን ከፍ አድርጌ ሮጥኩና ወረወርኩት። ወደ ቀዩ አፈር አዘቀዘቀ። ሕዝቡ "ኧረ!" አለ። ሳሩን ሊነካ ሲል ቀና አለ፣ ወጣ፣ ከማንጎዎቹ በላይ ሆነ፣ ዞሮም በራሳችን ላይ አለፈ፤ ግራው ክንፍ ነጭ፣ ቀኙ ቢጫ።

"ክዳኔ!" ብለው ጮኹ እማማ ሐሊማ፣ "ክዳኔ በረረ!" እልልታቸው ቶንጎ ድረስ ተሰምቷል።

ዲኑ ከዚያ ወዲያ የቁልፉን ነገር አንስተው አያውቁም። ከእኛ በኋላ ስንት ልጆች በዚያች ክፍል ክንፍ ቆርጠዋል! ይህን ሳስብ ዛሬም ደረቴ ይነፋል፤ ይነፋ፣ ይገባዋል።

የዚያኑ ሰሞን ክልሉ ሁለታችንንም አዲስ አበባ ለሌላ ኤግዚቢሽን በአውሮፕላን ሊልከን ወሰነ። እኔ ግን "ክንፉ ጭነት ውስጥ ይሰበራል፤ ይዤው በአውቶቡስ እሄዳለሁ" አልኩ። ሃሩን ምሳ ሳይደርስ አዲስ አበባ ገባ። እኔ ነቀምቴ አድሬ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ክንፍ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አጥቼ በማግስቱ ደረስኩ። ዲኑ ይህን "ለሥራው የተከፈለ መሥዋዕት" እያሉ ለአዳዲስ ተማሪዎች ሲናገሩ ኖሩ። ዛሬም የሚያወድሰኝ አለ።

ክንፉ ሳይሰበር መድረስ ይችል ነበር፤ ሃሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ሊያስቀምጠው ጠይቆኝ ነበር። አውሮፕላን እፈራለሁ። አርባን ከተሻገርኩ ቆየሁ፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም።