ፈዲላ፣ በረዶው እስኪቀልጥ

ባሏ ተማም የሸራ ጀልባ ገዛሁ ብሎ ሲመጣ ፈዲላ ቀልድ መስሏት ነበር። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ የመርካቶ ልጅ ከጀልባ ጋር ምን አገናኘው? ዋና እንኳ አይችልም። ግን ሞተሩ የሞተና ወለሉ የሻገተ አሮጌ ጀልባ ሴንት ፖል ላይ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ታስሮ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሁለት ሰመር ሙሉ ሲፍቀው፣ ሲለጥፈው፣ ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። በፈረንጆቹ 2006 ብሩክሊን ሴንተር የነበረውን አፓርትመንታቸውን ለቀው ጀልባው ላይ ገቡ። ልጅ የላቸውም፤ ዕቃቸውም ትንሽ ነበር። የመስጊድ ጓደኞቹ በመርከቡ ነቢይ ስም «ኑሕ» ይሉት ጀመር። እሱ ይስቃል።

ፈዲላ ኢገን ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት ናት። የመጀመሪያው ዊንተር ከብዷት ነበር። ትንፋሻቸው ግድግዳው ላይ በረዶ ይሠራል። ከጀልባው ሥር ደግሞ ውሃው እንዳይረጋ የሚያናውጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሌት ተቀን ያጉረመርማል። እሱ ከቆመ በረዶው ጀልባውን ጨምቆ ይሰብረዋል። ቀስ በቀስ ድምፁን ለመደችው።

ሁለተኛው ዊንተር ሊገባ ሲል፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ዝናቡ መሬት ሲነካ በረዶ የሚሆንበት ቀን መጣ። ፈዲላ ሥራ ላይ ነበረች። ተማም ጀልባውን በፕላስቲክ ሊሸፍን ወደ ላይ ወጣ። አጠገባቸው ባለው ጀልባ አርቪድ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ብቻውን ይኖራል። አንድ ነገር ሲጋጭና ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰምቶ ወጣ። ያየው አንድ እጅ ብቻ ነው። ገመድ ወረወረ። እጁ ግን በወንዙ ተወስዶ ጠፋ።

ጠላቂዎች ለቀናት ፈለጉት። ከዚያ ወንዙ በረዶ ሆነ፣ ፍለጋውም ቆመ። «ሲቀልጥ እንቀጥላለን» አላት ፖሊሱ፣ ዓይኗን ማየት እያቃተው።

እህቷ ሻሂዳ ባዶ ሻንጣ ይዛ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር መጣች።

«ተነሺ፣ እንሂድ። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዒዳዬን የምቀመጠው ባሌ ቤት ነው።»

«ይሄ ቤት ነው?»

«ሌላ ቤት አለኝ?»

ሻሂዳ ለሼኹ ደወለች። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘን ጊዜዋን፣ አብረው በኖሩበት ቤት ትቀመጣለች፣ የሚያሰጋት ነገር ካለ ግን መውጣት ትችላለች አሏት። «ያሰጋል» አለች ሻሂዳ። «አያሰጋም» አለች ፈዲላ። ሻንጣው ባዶውን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ፈዲላ ለሥራ ብቻ ወጥታ ትመለሳለች። ተማም ይሠራው የነበረውን ሁሉ አርቪድ አሳያት። ከላይ በረዶ መጥረግን፣ ከጀልባው ሆድ ውሃ በፓምፕ ማውጣትን፣ ቱቦዎቹን እየዳሰሱ የሚንጠባጠበውን መፈለግን ተማረች። አንድ ጠዋት ውሽንፍሩ መብራት አጠፋና ውሃውን የሚያናውጠው ሞተር ቆመ። እሷና አርቪድ ረጃጅም እንጨት ይዘው መብራት እስኪመጣ በረዶውን ዙሪያውን ሲሰብሩ ዋሉ። ሲጨርሱ ጣቶቿ እንጨቱን አልለቅ ብለው አርቪድ አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

ብርዱ ትንሽ ጋብ ሲል አንድ ቀን የፕላስቲኩን ጫፍ ገልጣ የጀልባውን ጠርዝ አየች። ሰው እንዳይወድቅ ዙሪያውን ከቆሙት የብረት መደገፊያዎች አንዱ ከሥሩ ተነቅሎ በሽቦ ተንጠልጥሏል። የተሰካበት እንጨት በስብሷል። ተማም ሲንሸራተት የያዘው እሱን ነው። እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጠች። ኋላ የበሰበሰውን ቆርጣ አወጣች፣ አዲስ እንጨት አስገባች፣ ሙጫ አፍስሳ ብሎኑን አጠበቀች። ለማንም አልነገረችም።

በረዶው ተሰነጣጥቆ መሄድ ሲጀምር ዒዳዋ አለቀ። ሻሂዳ እንደገና መጣች።

«አሁንስ?»

«እስኪገኝ።»

በየማለዳው ከሥራ በፊት ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወንዙ በሚወርድበት በኩል ዳር ዳሩን ትሄዳለች። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ጎርፉ ያመጣው ግንድ፣ ጎማና የሞተ ዓሣ ዛፎቹ ሥር ተከምሯል። ጨርቅ ያየች ቁጥር በእንጨት ትገለብጠዋለች። ሻሂዳ ብቻዋን ልትተዋት ስላልቻለች የዕረፍት ቀኗን እየጠበቀች ሱቅ ስትሠራ በምታደርገው ቀጭን ጫማ ትከተላት ጀመር።

አንድ ቀን ግንድ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ፈዲላ ድንገት ተናገረች።

«መደገፊያው እንደሚነቃነቅ ያውቅ ነበር። ሊሠራው ዕቃ አውጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ተወው፣ መጀመሪያ ሂተሩን ፊክስ አድርግልኝ ያልኩት።»

ሻሂዳ ከጫማዋ ላይ ጭቃውን በእንጨት ፋቀች።

«በርዶኛል ብለሽ ስትደውዪልኝ፣ እስኪሠራልሽ ጨቅጭቂው ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?» አለች።

ተነስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያገኙት ግን እነሱ አይደሉም። በኤፕሪል መጨረሻ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ከከተማው በታች፣ አንዲት ደሴት ላይ ከተከመረ ግንድ መሃል አገኙት። ፖሊሱ «በጥርሱ ነው የለየነው፣ ባታዪው ይሻላል» አላት። አላየችውም። ገላው ውሃ የሚችል ስላልነበረ ሳይታጠብ በአፈር የሚደረገው መንጻት፣ ተየሙም፣ ተደረገለት። አርቪድ ቀብር መጣና ኮፍያውን አወለቀ፤ ሌሎቹ ቆባቸውን እንዳላወለቁ ሲያይ ግራ ተጋብቶ መልሶ አደረገው። የመጀመሪያውን አካፋ አፈር ለእሱ ሰጡት።

ፈዲላ በዚያው ቀን ጀልባውን ለቀቀች። ውሃ የሚያስገቡትን ቫልቮች ሁሉ ዘጋች፣ ልብሷን ሰበሰበች፣ ቁልፉን ለአርቪድ ሰጠች።

«ሸራውን አንድ ቀን እንኳ አብረን ሳንዘረጋው ቀረ» አለችው።

አርቪድ ራሱን ነቀነቀና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ጀልባው በሰመር ተሸጠ። ሲሄድ አላየችውም። አሁን ኢገን ከሥራዋ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታለች። እሁድ እሁድ ሻሂዳ ወንዝ ዳር ዎክ እናድርግ ትላታለች። ፈዲላ አብራት ትሄድና ፓርኪንጉ ላይ ሲደርሱ መኪናው ውስጥ ቀርታ፣ መስኮቱን ዘግታ ትጠብቃታለች።