የአዛለች ሳቅ

አዛለች ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ አንዲት ልጇን ሀሴትን ያሳደገችው በዚያችው የስፌት መኪና ነው። ሳቂታ ናት ይሏታል የሰፈሩ ሰዎች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብታ አንድ ሰው ፈገግ ሳታሰኝ አትወጣም። ሀሴት ደግሞ የእናቷን ሳቅ ለማግኘት የማታደርገው ነገር የለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ የዘበኛውን ሳል፣ የአስተማሪውን አረማመድ ታስመስላለች።

አንድ ቀን እራት ላይ አዲስ ነገር አመጣች። ብድግ አለችና አንገቷን ቀብራ፣ ከንፈሯን እያንቀጠቀጠች፣ “ት... ት... ት...” አለች። ከዚያ አልነሳ እንዳለ ባጃጅ “ትትትትት!” ብላ ቁጭ። አዛለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

“እስቲ ድገሚው!” አለቻት።

ማንን እንደምታስመስል ግን አልጠየቀቻትም።

የገና በዓል ሲቃረብ ተረፈ ወደ ሱቋ መጣ። ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ የሚጠግን ጭምት ሰው ነው። ለልጁ ለቤዛ ያሰፋውን ዩኒፎርም በፌስታል ይዟል።

“ይሄን ለታናሿ ልክ አድርጊልኝ።”

“ምነው አቶ ተረፈ፣ ገና በመስከረም አይደል የሰፋሁላት? ቤዛስ ምን ልትለብስ ነው?”

ተረፈ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። “ትምህርቱን ትታዋለች። ስትናገር ትንሽ ይይዛታል። ለማንበብ በተነሳች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እንደ ባጃጅ ይጮህባታል አሉ። መጀመሪያ ማንበብ ተወች፤ ቀጥሎ ከኛም ጋር ማውራት። አሁን ውሃ ሲጠማት እንኳ በጣቷ ነው የምታሳየን።”

የአዛለች እግር ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሀሴትና ቤዛ አንድ ክፍል ናቸው። ፌስታሉን ተቀበለችው።

“እሺ” ብቻ አለችው።

ማምሻውን ልጇን ይዛ ጠየቀቻት። “ያን ለት ያስመሰልሻት ቤዛን ነው?”

“ሁሉም ባጃጅ ይሏታል እኮ።”

“መጀመሪያ ማን አላት?”

ሀሴት አቀረቀረች። “አንቺም እኮ ስቀሻል፣ እማዬ። ድገሚው ስትዪኝ ጊዜ... በማግስቱ ለልጆቹ አሳየኋቸው።”

አዛለች ልትገርፋት ነበር ያሰበችው። ይህን ስትሰማ ተወችው። አጠገቧ አስቀመጠቻትና ቤዛ የሆነችውን ሁሉ ነገረቻት።

“እሷም የምትስቅ ይመስለኝ ነበር” አለች ሀሴት።

“ስትስቅ አይተሻታል?”

ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። “አላየሁም።”

በማግስቱ ሁለቱም ተረፈ ቤት ሄዱ። አዛለች እንድትቀመጥ ቢለምኗትም ሳትቀመጥ ተናገረች፤ “የጀመረችው የኔ ልጅ ናት። እየሳቅሁ ያደፋፈርኳት ደግሞ እኔ።” ተረፈ መሬት መሬቱን አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ቤዛ ተጠርታ ስትመጣ ሀሴት ድምጿ እየተቆራረጠ “ይቅር በይኝ” አለቻት። ቤዛ ለአፍታ አየቻትና ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ተመለሰች።

አዛለች ለአስተማሪያቸው ለመምህር ሙባሪክም ነገረችው። እሱም በበኩሉ ጩኸቱን ሲሰማ ዝም በሉ ብሎ ከማለፍ በቀር ምንም እንዳላደረገ አልሸሸገም። ልጆቹን ሰብስቦ አነጋገራቸው። ሀሴት እፊታቸው ቆማ የጀመርኩት እኔ ነኝ አለች። ከዚያ በኋላ አብረዋት ሲስቁ የከረሙት ሸሿት፤ በእረፍት ሰዓት ምሳዋን ብቻዋን ትበላ ጀመር። እያለቀሰች ስትመጣ አዛለች “አሁን ገባሽ?” ልትላት ይቃጣትና ትታው ታቅፋት ነበር።

ውሎ አድሮ ክፍሉ ተለወጠ። አንድ ልጅ ቃል ቢጠፋው ሌሎቹ እስኪጨርስ ይጠብቁታል። የቤዛ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ተረፈ ቡኢ ከተማ ወዳለችው እህቱ ወስዷት እዚያ አስመዝግቧታል።

ለፋሲካ ገበያ አዛለች ተረፈን መንገድ ላይ አገኘችው።

“ትናገራለች?” አለችው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

“ከአክስቷ ልጆች ጋር ትናገራለች፣ ተመስገን። አንዳንዴም ትዘፍናለች አሉኝ።” ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠ። “ወደ ቤት እንመለስ ስላት ግን አሁንም አትመልስልኝም።”

አዛለች ቤት ስትገባ ሀሴት፣ “ቤዛ መቼ ትመጣለች?” ብላ ጠየቀቻት። በር ላይ እንደቆመች ልጇን አየቻት። “አላውቅም ልጄ” አለች።