አልሰረዝ ያለው ቫይረስ

ሓድነት ሰፈር በከፈትኳት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ የመመረቂያ ጽሑፍ እተይብ ነበር። አንድ ቀን፣ ከእንዳ ኢየሱስ ካምፓስ የመጣች ተማሪ የሰጠችኝን ፍላሽ ስሰካ ቫይረስ ገባብኝ። አንቲቫይረሱ «ሰርዤዋለሁ» ይለኛል፤ ያው ፋይል ግን ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። የምበላው ወጥ ውስጥ በረሮ ያገኘሁ ያህል አንገሸገሸኝ። ኪቦርዱን መንካት ራሱ አስጠላኝ።

ኮምፒውተር የምትጠግነዋን ጎረቤቴን ጠራኋት።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ቫይረሱ እኮ አሁንም እየሠራ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፋይል እንዴት ይሰረዛል?» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ የግድ ከሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች በቀር ሌላ በማይነሣበት በሴፍ ሞድ አስነሣችው። ቫይረሱ አብሮ ስላልተነሣ አንቲቫይረሱ በዚያው ጠራርጎ አወጣው።

የልጅቷ ጽሑፍም ተረፈ። እኔ ግን እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ እንኳ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።