እጄ ያልቆመለት መጽሐፍ

ትንንሾቹ የልጅ ልጆቼ ይህን የነተበ ስስ መጽሐፍ ከሣጥኔ አውጥተው፣ ማንበብ ሳልችል ለምን እንዳኖርሁት ካልነገርኋቸው አልላቀቅ አሉኝ። ሳሸተው እስካሁን የራሰ ቀርከሃ ይሸተኛል።

እንጅባራ ነው። ገና ልጃገረድ ነበርሁ፤ ከአባቴ ጋር ቅርጫት እሠራለሁ። ከጎናችን አንድ መምህር ተከራይቶ ነበር። ትንንሽ አሳታሚዎች ያወጧቸው አዳዲስ የግጥምና የአጭር ልብወለድ መጻሕፍት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላኩለታል፤ አንብቦ አስተያየቱን ለጋዜጣ ይጽፋል። መጀመሪያ ግን ከሰዓት በኋላ ደጃችን ተቀምጦ፣ የደራሲውን ስም ጠርቶ፣ ለኔ ያነብልኛል። ግጥሙ ልቤ ሲገባ እጄ ሥራውን ይተዋል። ያኔ ገጹን አጠፍ ያደርጋል። አባቴ ታዲያ፣ «መምህር፣ እባክዎ መጥፎ መጥፎውን ያንብቡላት፤ አለዚያ ቅርጫቱ አያልቅልንም» ይለው ነበር።

አንድ ቀን ይህን አመጣ። የደራሲውን ስም አልጠራም። ድምፁም ዝቅ ያለ ነበር።

በሬን ገርበብ አርጌ፣ ስጠብቅሽ ውዬ፤
ለነፋስ ተነሣሁ፣ መጣሽልኝ ብዬ።

ልቤ ቆመ፤ እጄ ግን አልቆመም። በማግስቱ የጥሊሊ ገበያ ነው፤ የቅርጫቱን አፍ እየጠመዘዝሁ ነበር፣ የራሰ ቀርከሃ ደግሞ መሃል ላይ ከተዉት ደርቆ ይሰነጠቃል።

«ለዚህኛው እጅሽ አልቆመም» አለኝ።

ስንጥሩን በጥርሴ ነክሼ ስለነበር መናገር አልቻልሁም። ስጨርስ እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። መጽሐፉን ዘጋ። ቀና ስል ደጁ ላይ የለም።

ከገበያ ስመለስ የመምህሩ በር ተዘግቷል። በግጥም ጉዳይ የመምህር ደጅ ለማንኳኳት አፈርሁ። ከዚያ ወዲያ አንብቦልኝ አያውቅም። ክረምቱ ሲገባ ወደ ጫግኒ ተዛወረ፤ መጽሐፉን ለቆት በሄደው ቤት መስኮት ላይ አገኘሁት። ረስቶት ነው፣ ሲመለስ እሰጠዋለሁ ብዬ አኖርሁት። አልተመለሰም። ስንኙ ግን አብሮኝ አረጀ። ቤቱ ጭር ካለ ወዲህማ፣ ነፋስ በሩን ሲገፋው እኔም ብድግ እላለሁ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ትልቋ የልጅ ልጄ ፊደል የለየች ሰሞን፣ ሽፋኑን በጣቷ እየተከተለች የደራሲውን ስም ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የመምህሩ ስም ነበር።