ላቀው ያጠበው ጠቦት

አያ ላቀው ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ዕድሜውን ከበግ ጋር የፈጀ ገበሬ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ወሬው ግን ረጅም ነው፤ ጎረቤቶቹ «ላቀው ዝም ካለ ታሟል ማለት ነው» ይሉታል። ዘንድሮ ግን ሳይታመም ዝም ብሎ ሰነበተ።

ምክንያቱ ልጁ ጽዮን ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገሩ ወግ ወላጆቿ ቤት መጥታ፣ ምጡ ጠንቶባት ሐኪም ቤት በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። ሕፃኗ ደካማ ስለነበረች ለብቻዋ ማሞቂያ ክፍል ሰነበተች። ሁለቱም ተርፈው ቤት ከገቡ በኋላ ጽዮን ጡቷን ትሰጣለች እንጂ ልጇን ቀና ብላ አታይም። አጥብታ ስትጨርስ ለእናቷ ለቦጋለች ታቀብልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንዷ ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጨካኝ ናት» ብላ አንሾካሾከች፣ ጽዮንም ሰማች።

በምጡ ቀን ለማርያም ተስሎ ነበር፤ «ልጄን አትርፊልኝ እንጂ ከበጎቼ መጀመሪያ የሚወለደውን ወንድ ጠቦት አስገባለሁ» ብሎ። አንድ ጠዋት ዥጉርጉሯ በግ ወንድ ወለደች። ሽማግሌው የሳተው ይሄኔ ነው። ግልገል እናቱ ሳትልሰው እንደማይነካ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ግን የማርያም ነውና ንጹሕ ይሁን ብሎ በጠበል አጠበው፣ በነጠላው አደራርቆም ሳመው። ደስታ ለካ ያወቁትንም ያስረሳል። ለእናቱ ሲያቀርበው አሸተተችና በግንባሯ ገፍታ ጣለችው። ደግሞ ቢሞክር ደግማ ገፋችው።

አዲሱ የሚባለው የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጎረቤት ቤት ከብት ሊከትብ መጥቶ ነበርና ተጠርቶ ደረሰ። ነገሩን ሲሰማ ሳቁ አመለጠው።

«አያ ላቀው፣ እርስዎም እንዲህ ይሳሳታሉ? የልጇን ሽታ እኮ አጠቡባት! በምጥ ጊዜ አንጎሏ ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባል ነገር ይለቀቃል፤ ሆዷን የሚያባባው እሱ ነው። ያኔ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሽታውን ይዛ ልጄ ትለዋለች። ሽታው ከሌለ ባዳ ነው።»

ገና ያልተጣለውን የእንግዴ ልጅ አንስተው የጠቦቱን ጀርባና ጅራት አሹት። በጓ አሸተተች፤ ጥቂት አመነታችና ትልሰው ጀመር። የላቀው ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

«ሰውስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቀዶ ወጥቶ ከእናቱ ለተለየስ?»

አዲሱ ሳቁን ተወ። «እኔ የከብት ነኝ። ግን ይህ ነገር ለበግ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ዓሣውም ወፉም የሚመስለው አላቸው፣ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የበግ ጊዜው በሰዓታት ያልፋል፤ የሰው ግን እንዲያ አያልፍም። በማቀፍ፣ በማጥባት፣ ገላ ለገላ በመንካካት ቀስ ብሎ ይመጣል። ለአንዳንዷ ይዘገያል እንጂ ጭካኔ አይደለም። ጤና ጣቢያም ያሳዩዋት፣ ብቻዋን አይተዋት።»

ላቀው እጁን ታጥቦ ወደ አራሷ ገባ።

«ጽዮኔ፣ በጓ ልጇን የገፋችው ክፉ ሆና አይደለም። እኔ ነኝ ሽታውን የነሳኋት። አንቺም ጊዜሽን ተነጠቅሽ እንጂ ክፉ አይደለሽም።»

ጽዮን አለቀሰች። «እኔማ የተረገምኩ መስሎኝ ነበር፣ አባባ።»

ጤና ጣቢያ ሄዳ ከአዋላጇ ጋር ተነጋገረች። ሕፃኗም ከእናቷ ደረት አልወርድ አለች። ጽዮን እያለቀሰች የምታቅፍባቸው ቀናት ነበሩ፤ ቦጋለችም አጠገቧ ቁጭ እያለች እግሯን ታሻት ነበር።

የክርስትናው ቀን ሳይደርስ አንድ ከሰዓት በኋላ ላቀው ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። ከውስጥ ሕፃኗን ትን አላትና ሳለች።

«እኔን!» አለች ጽዮን ተደናግጣ። «እኔን ልጄ! እኔን!»

ላቀው መጥረቢያውን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።