ሰባተኛው ዘፈን

ልጅ እያለሁ አባቴ ለታላቅ እህቴ አንድ ካሴት ገዝቶላት ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ልጄ ናሆም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ዘፈን እየሰማ፣ "እማ፣ ይሄ የእንግሊዝ ሽማግሌ በናንተ ጊዜ ታዋቂ ሮከር ነበር አሉ፤ የተወደዱለትን የድሮ ዘፈኖች ሰብስቦ እንደ አዲስ አወጣቸው" አለኝ። ድምፁን ገና ከመጀመሪያው ቃል አወቅሁት። ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም።

አባቴ ወታደር ነበር። ከጎጃም መጥቶ ሐረር ተመደበ፤ እዚሁ እናቴን አገባ። የምንኖረው ጀጎል ውስጥ፣ እማማ ዘሃራ የሚባሉ የሐረሪ እናት ግቢ ተከራይተን ነበር። አባቴ ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት እኔንና እህቴን ሰናይትን ፈረስ መጋላ ወዳለው ሙዚቃ ቤት ይዞን ሄደ። ሰናይት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብትደርስም እንግሊዝኛ አልሆንላት ብሎ ነበር። "ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር ዘፋኝ ካለህ ስጠኝ" አለው አባቴ ባለሱቁን። ባለሱቁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ይህን ካሴት አወጣለት። ሽፋኑ ላይ ፀጉሩ እንደ ገለባ የቆመ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው አለ። ሰውየው በየጊዜው ያወጣቸውና ዝና ያተረፈባቸው አሥራ ሁለት ዘፈኖች አንድ ላይ ተሰብስበውበታል። "አሥራ ሁለቱን ስታውቂያቸው ማትሪክ ታልፊያለሽ፤ ስመጣ እጠይቅሻለሁ" አላት።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሥራችን ካሴቱ ሆነ። መንገድ ላይ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸው ድምፅ እስከ ግቢያችን ይሰማል፤ የሳምቡሳ ዘይት ሽታ በመስኮት ይገባል። እኛ መደቡ ላይ በሆዳችን ተኝተን ቴፑን ወደ ኋላ እናጠነጥናለን፣ እንደገና እናጫውታለን። ሰናይት መዝገበ ቃላት ታገላብጥና ትርጉሙን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያ ለእኔ ትተርክልኛለች። አንደኛው ስለ ዝናብ ነው፣ ሦስተኛው ባቡር ስላመለጠው ሰው። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያለችኝን ሁሉ አመንኩ። ሰባተኛውን ግን "ከባድ ነው" ብላ ዘለለችው። ቀስ ያለ ዘፈን ነው፤ ጊታሩ ብቻውን ብዙ ይሄዳል።

ከወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ስገባ ሰናይት ያንን ዘፈን ከፍታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ደብተርም መዝገበ ቃላትም አልያዘችም።

"ገባሽ?" አልኳት።

"ገባኝ። አንድ አባት አለ። ሩቅ አገር ሄዷል። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... አይመጣም።"

"መቼም?"

"መቼም፣ ሚጣ።" ቴፑን አጠፋችው።

እንዴት እንደገባኝ አላውቅም፤ ብቻ ስለ እኛ አባት እያወራች እንደሆነ ገባኝ። ሰው መርዶ ሲረዳ እንደማየው ደረቴን አልደቃሁም። ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ውስጤ ዝም አለ። "ስምንተኛውስ ስለ ምንድን ነው?" አልኳት። እሷም ስምንተኛውን ከፈተችልኝ።

ለማንም ሳልናገር ያን ሳምንት ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ገመድ ዘለልኩ፣ በላሁ። እሑድ ማለዳ የእናቴ ወንድም ጋሼ ሙላት ጋቢ ከለበሱ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እናቴ በሩ ላይ ተደርድረው ስታያቸው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጮኸች። ግቢው በለቅሶ ተሞላ። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ አየኋቸው። አንዲት ዘመዳችን ትከሻዬን ይዛ ወዘወዘችኝና "ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ!" አለች። እማማ ዘሃራ ከእጇ ወስደው በሻሻቸው ሸፈኑኝ። "ተይ፣ ልጅቷን አትንኪያት። እንባ ያለው ሁሉ ዛሬ አያፈሰውም፤ ጊዜውን አላህ ያውቃል" አሏት። እኔም ያ ጊዜ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ዕድሜዬን ሁሉ ያቺ ዘመዳችን እውነቷን ነው ስል ኖርኩ።

ካሴቱ እንዴት እንደጠፋ እንኳ አላስታውስም። እኔ አድጌ እዚሁ ሐረር የእንግሊዝኛ መምህርት ሆንኩ፤ ያንን ዘፈን ግን ዳግም አልሰማሁትም ነበር። ቅዳሜ ዕለት ናሆም ያ የካሴቱ ሰባተኛ ዘፈን ላይ ሲደርስ ቃል በቃል ገባኝ። አንድ ወጣት ከሚወዳት ልጅ ጋር በመኪና ወደ ባሕር ዳርቻ እየሄደ ነው። ጫማሽን አውልቂ ይላታል። አባት የለም። በር የለም።

ድሬዳዋ ወደምትኖረው ወደ ሰናይት ደወልኩ።

"እታለም፣ ያ ሰባተኛው ዘፈን... ትርጉሙ እንደነገርሽኝ አይደለም እኮ።"

"አንድም ቃል አልገባኝም ነበር" አለች።

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽኝ?"

"ጋሼ ሙላት ያን ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ነገሩኝ። 'አንቺ ትልቅ ነሽ፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ እስከ እሑድ ያዢው' አሉኝ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ስለ አባዬ ነው ብዬ ማውራት አፌ እምቢ አለኝ። ብቻዬን ደግሞ መያዝ አቃተኝ፣ ሚጣ።" ቀጥላም፣ "አታልቅሽ በቃ" አለችኝ። እያለቀስኩ አልነበረም። እሷ ግን ታለቅስ ነበር።

ጋሼ ሙላት ራሳቸው ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አረፉ። መርዶው የደረሰኝ ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ አንዲት ዘመዴ በስልኬ በላከችልኝ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። አነበብኩና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ትምህርቱንም ጨረስኩ። በዚያ ዘመን ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ መርዶ እንዴት ይነገራል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ዛሬ ላኪዋም ጽፋ አለፈች፣ እኔም አንብቤ አለፍኩ። ማናችንም አልተጨነቅንም።